«ምን ጎደለህ?»፦ ከስኬት ጀርባ ስለሚደበቅ ድባቴ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ በአእምሮ ሕክምና ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ኑሯቸው የተቃና ከሚመስል ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ድባቴ ምንድን ነው? ሁላችንም «ደበረኝ» እንል የለም ወይ?

እንላለን፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ «ደበረኝ» የማይል ሰው የለም፤ ያ ስሜት ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም ወዳጅ ብቅ ሲል አብሮ ይሄዳል። ድባቴ የምንለው ሕመም በወዳጅም በዕረፍትም የማይለቅ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መስፈርት ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ የስሜት መጨለም፣ ቀድሞ ያስደስት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ ድካም፣ የሰውነት መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ዋጋ ቢስ ወይም ጥፋተኛ አድርጎ መቁጠር፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል እና ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ። ከእነዚህ ቢያንስ 5ቱ፣ ከ5ቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሆኖ፣ ለ2 ሳምንታት ሳይለቁ ከቆዩና ሰውየውን ካስጨነቁት ወይም ኑሮውን ካወኩበት ድባቴ ነው ይባላል።

እንባና ኀዘን የግድ አይደሉም። ብዙዎች የሚሉኝ «አዘንኩ» ሳይሆን «ደነዘዝኩ» ነው። በልጃቸው ምረቃ ቀን ከሰው ጋር እልል እያሉ በውስጣቸው ምንም ነገር ስላልተሰማቸው ደንግጠው የመጡ እናት አሉ፤ ወደ ሐኪም ያመጣቸው ኀዘን ሳይሆን ያ ባዶነት ነበር።

ከሥራዬ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ቤተሰብም አስተዳድራለሁ። ታዲያ እንዴት ድባቴ ሊኖረኝ ይችላል?

ሊኖርዎት ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ሥራውን እንደሚሠራ ሁሉ፣ ድባቴ ያለበትም ሰው ሥራውን አሳምሮ ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ ሥራው የሚያስከፍለው ጉልበት ላይ ነው። ሌላው ሰው በግማሽ ሰዓት የሚጽፈውን ደብዳቤ እርሱ ሦስት ጊዜ አንብቦ፣ አራት ጊዜ ሰርዞ ይጽፈዋል፤ ያ ትርፍ ጉልበት ደግሞ የሚቀነሰው ሰው ከማያየው ቦታ፣ ማለትም ከእንቅልፉ፣ ከመብሉና ከልጆቹ ጋር ከሚጫወትበት ሰዓት ነው።

አንድ ታካሚ ነበረኝ፤ ማንነቱ እንዳይለይ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ማታ ከቢሮ ሲወጣ መኪናውን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ያቆማል። ሞተሩን ያጠፋና እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንድ ቀንም አርባ ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ፈገግታውን ይሞክራል። «ልጆቼ በር ላይ ስለሚጠብቁኝ ፊቴን አስተካክዬ መግባት አለብኝ» አለኝ። በመሥሪያ ቤቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ የተሸለመው በዚያው ዓመት ነው።

እንዲህ ሥራ እየተሠራ አብሮ የሚኖር ድባቴ በሕክምናው ውስጥ ራሱን የቻለ መጠሪያ የለውም። አንዳንዱ ከላይ የጠቀስኩት ድባቴ ራሱ ሲሆን፣ አንዳንዱ ደግሞ ዲስታይሚያ ይባል የነበረው፣ ቀለል ብሎ ግን ቢያንስ ለ2 ዓመታት የሚዘልቀው ዓይነት ነው። ይህ ሁለተኛው ከሰውየው ጋር ስለሚያረጅ «ጠባዬ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ነኝ» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል ታክመው ሲሻላቸው ጨዋታ ዐዋቂ ሆነው ያገኘኋቸው ጥቂት አይደሉም።

ሰዎች «ምን ጎደለህ?» ይሉኛል። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ምን ብዬ ልመልስ?

ይህ ጥያቄ ስንቱን ከሐኪም ደጅ እንደመለሰ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ቤት አለህ፣ መኪና አለህ፣ ልጆችህ ጥሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ታዲያ ምን ጎደለህ? ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣው ፍርድም የታወቀ ነው፦ «ጥጋብ ነው»። እውነት ነው፤ ድህነት፣ ሥራ ማጣትና መፈናቀል ለድባቴ ያጋልጣሉ፤ ያ ማለት ግን ያላቸውን ሰዎች ሕመሙ ይምራቸዋል ማለት አይደለም። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ፤ በልጅነት የደረሰ ጉዳት ወይም ወላጅን ማጣት አለ፤ ለዓመታት የተጠራቀመ ውጥረት፣ ወሊድ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባት፣ በዝምታ የታለፈ የቅርብ ሰው ሞት አለ። ከእነዚህ አንዱንም የባንክ ደብተር አያሳየውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ታማሚው ራሱ ፈራጅ ሲሆን ነው። «ስንቱ የሚቀምሰው አጥቶ፣ እኔ ጠግቤ እያደርኩ ማማረሬ ነውር ነው» ይላል፤ ተመስገን ለማለት ሲሞክር ምስጋናው ከአፉ አልፎ ልቡ ጋ አልደርስ ስለሚለው ደግሞ ሌላ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨመርበታል። ይህን በጥሞና ቢያስቡበት እወዳለሁ፦ ያለ ልክ ራስን መውቀስ ከዘጠኙ ምልክቶች አንዱ ነው። ስለዚህ «ታምሜ ሳይሆን ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው» የሚለው ሐሳብ ራሱ የሕመሙ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

ለሚጠይቅዎ ሰው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። «የጎደለኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ አሞኝ ነው» ማለት ይበቃል።

ለምንድን ነው ማንም የማያውቅብኝ?

ደብቀው ስለያዙት ነው፤ መደበቁም ምክንያት አለው። የድሬ ሰው ሲባል ተጫዋች፣ ግልጽና ነገር የማያከብድ ሰው ነው የሚጠበቀው፤ ይህ የከተማችን መልካም ስም ከጨዋታ ለራቀው ሰው ግን ሸክም ይሆንበታል፤ ዝም ሲል «አቦ ምን ሆነሃል? ዛሬ ደግሞ ኮራህብን» ስለሚባል ከሰው ሁሉ በላይ ያስቃል፣ ይቀልዳል። ነጋዴ ከሆነ ሌላም ስጋት አለበት፦ ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ውስጥ ዕቃ በዱቤ የሚንቀሳቀሰው በስም ነውና «አእምሮው ተነክቷል» የሚል ወሬ ከወጣ ነገ ዕቃ የሚያምነው የለም። ከቤተሰቡ መጀመሪያ የተማረውና ወንድም እህቱን የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ምሰሶው ከተነቃነቀ ጣሪያው እንደሚወርድ ስለሚያስብ ሕመሙን ለራሱ እንኳን አይነግረውም። «ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ የሚደበቀው ነውር ሳይሆን ሕመም መሆኑ ነው።

ሁልጊዜ የሚያመኝ ራሴንና ጨጓራዬን ነው። ምርመራው ግን ምንም አላሳየም። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ብዙ ጊዜ ይገናኛል። ድባቴ በአገራችን ከስሜት ይልቅ በአካል በኩል መናገሩ የተለመደ ነው፤ ራስ ምታት፣ የጨጓራ ማቃጠል፣ የወገብ ሕመም፣ የልብ ምት መጨመር፣ መላ ሰውነትን እንደ ተወቀጠ ያህል መድከም። የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ወስደው ያልተሻላቸው ሰዎች በመጨረሻ ወደ እኛ ይላካሉ። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ በትክክል ያማል፤ ምንጩ ግን ሲፈለግ ከነበረበት ሌላ ቦታ ነው።

በርጫ ላይ ስቀመጥ ደህና እሆናለሁ። ጫት ይረዳኛል ማለት ነው?

ለጥቂት ሰዓታት እንደሚረዳ አልክድም፤ ክጄ ብናገርም የሚያምነኝ የለም። ጫት ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ እየከሰመ ስለሚሄድ ነው ከአወዳይ የሚወጣው ጫት ሳይጠወልግ ለመድረስ እንዲያ የሚጣደፈው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ኬሚካሎችን ያስለቅቃል፤ ምርቃና የምንለው ሁሉም ነገር የሚቻል፣ ሁሉም ሰው የሚወደድ የሚመስልበት ሰዓትም ከዚያ ይመጣል። በዚያ ላይ በርጫ ሰው ከሰው የሚገናኝበት፣ የታፈነ ሐሳብ የሚተነፈስበት ቦታ ነው። ጠዋት ከአልጋው ለመነሣት አቅም ያጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ስለ አገር ጉዳይ ሲተነትን ማየት ያልተለመደ አይደለም።

ዳሩ ግን የምንቆጥረው የበርጫውን ሰዓት ብቻ ነው። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ዝምታና ብስጭት፣ እስከ ንጋት የሚሸሸው እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ለማምጣት የሚጠጣው ጨብሲ፣ ከዚያም ጠዋት እንደ ድንጋይ የከበደው ሰውነት አብረው አይቆጠሩም። ጠዋቱን ለማስነሣት ኢጀባና የሚባለው የማለዳ ጫት ይፈለጋል፤ ክቡ እንደዚያ ይዞራል። ድባቴው ከጫቱ በፊት ይሁን ከጫቱ በኋላ ለመለየትም አስቸጋሪ ይሆናል። እኔ የምመክረው ቀላል ነገር ነው፦ ለሦስት ሳምንታት ያህል በየቀኑ ጠዋት ሲነሡ የሚሰማዎትን፣ ስንት ሰዓት እንደተኙና የቃሙትን መጠን በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ደብተሩን ለሐኪም ሲያሳዩት ከብዙ ቃል የበለጠ ይናገራል። ለማቆም ከወሰኑ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በድካም፣ በመጫጫንና ዱካክ በምንለው ቅዠት ሊከብዱ እንደሚችሉ ዐውቀው ይግቡበት፤ ያልፋል።

ጸበል እጠመቃለሁ፤ ጓደኛዬ ደግሞ ቁርኣን ያስቀራል። ሕክምና ከእምነት ጋር ይጋጫል?

አይጋጭም። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ደርሰው፣ ስለታቸውን አግብተው፣ በሳምንቱ ወደ ቀጠሯቸው የሚመጡ ታካሚዎች አሉን፤ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ የረመዳንን ጾም የሚጾሙም አሉ፤ ለእነርሱ ሰዓቱን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር እናስማማዋለን። ጸሎትና ሶላት፣ የንስሐ አባት ምክርና የሼኹ ዱዓ ሰውን ከብቸኝነት ያወጡታልና ለሕክምናው ያግዛሉ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው «ጸበሉ ከመድኃኒት ጋር አይሆንም» ተብሎ በድንገት እንዲያቆም አይደረግ። ድባቴን የእምነት ጉድለት አድርጎ መንገርም ቀድሞውኑ ራሱን ሲወቅስ የሚያድረውን ሰው መጨረሻው ወደማያምር ቦታ ሊገፋው ይችላል።

ሐኪም ዘንድ ብሄድ ምን ይጠብቀኛል? ሰው ቢያየኝስ?

በድሬዳዋ በድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ደግሞ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። የሚጠብቅዎት በዋነኛነት ጭውውት ነው። ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ ምግብዎ፣ ስለ ጫትና መጠጥ፣ ስለ ቤተሰብዎ የጤና ታሪክ ይጠየቃሉ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግር ድባቴን ስለሚመስሉ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅም እንጠቀማለን፤ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተፈትሿል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በቅርበት ይታያል። ነጥቡ ብቻውን ግን ውሳኔ አይደለም፤ ፊቱን አሳምሮ መኖር የለመደ ሰው መጠይቁንም አሳምሮ ይሞላዋልና። ስለዚህ እባክዎ ከቢሮዎ ይዘውት የመጡትን ፊት በር ላይ ያውልቁት።

መታየትን በተመለከተ፣ ስጋትዎን አላጣጥልም፤ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ የምንኖር ሰዎች ነን። ከዚህ ሐረር ሄደው፣ ከሐረርም እዚህ መጥተው የሚታከሙ አሉ፤ ያም መታከም ነው። እርስዎ የነገሩን ምስጢር ግን ከክፍሉ አይወጣም። የሙያ ግዴታ ከመሆኑም በላይ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢርን ያወጣ ባለሙያ እንዲቀጣ ይደነግጋል።

መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል? አደንዝዞ ሥራዬንስ አያበላሽብኝም?

በመጀመሪያ፣ ሁሉም ሰው መድኃኒት አያስፈልገውም። ቀለል ላለ ድባቴ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በተወሰነ ቀጠሮ የሚደረግ የንግግር ሕክምና ይቀድማል። መካከለኛና ከባድ ለሆነው ግን መድኃኒት ብዙ ይረዳል። በአገራችን የተለመዱት ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን ናቸው። እንደ ጫትና እንደ አልኮል አምሮት የሚፈጥሩ፣ መጠኑን በየጊዜው አስጨምሩኝ የሚሉ አይደሉም፤ በድንገት ሲቋረጡ ግን ማዞርና መረበሽ ስለሚያስከትሉ የሚቆሙት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊያሰኝና አፍ ሊያደርቅ ይችላል፤ በማታ የሚወሰደውም ስለዚህ ነው። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ ወይም መቅበጥበጥ ሊያመጡ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋሉ።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ነገር፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ መታየቱ ነው። ለውጡ የሚሰማው ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። ብዙዎች በ10ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል። ከተሻለም በኋላ ቢያንስ ለ6 ወራት ያህል መቀጠል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሕመሙ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። በሕይወትዎ ውስጥ ሳይተኙ የማይደክሙበት፣ ገንዘብ የሚበትኑበትና ሐሳብ የሚፈጥንበት ጊዜ ከነበረ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ የመድኃኒቱ ምርጫ ይለወጣልና። ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሲጀምር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተሰብ በቅርብ ይከታተለው።

ከሥራ ዕረፍት ልወስድ እችላለሁ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር ሲሆኑ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው።

ባለቤቴን ጠርጥሬያታለሁ፤ ስጠይቃት ግን «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

«ደህና ነሽ?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ «ደህና ነኝ» ነው፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል። በምትኩ ያዩትን ይንገሯት። «ድሮ ዓርብ ማታ ለእህትሽ ትደውዪላት ነበር፤ አሁን ስትደውል እንኳን ስልኩን ገልብጠሽ ታስቀምጪዋለሽ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳሎን ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። አሳስቦኛል።» እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ ማስተባበል አይቻልም፤ ወቀሳም የለበትም።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ከሁሉ ይከብዳል። የምንወደው ሰው ሲጨነቅ ስናይ «አይዞሽ፣ ጠንክሪ፣ ልጆችሽን አስቢ» ማለት ይቀናናል፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ የቆመችው ልጆቿን እያሰበችና ጠንክራ ነው። በዚያ ምሽት ካልተናገረች በሌላ ቀን ይመለሱበት፤ ምናልባት ቡና ተፈልቶ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ። ስትስማማ ቀጠሮውን ይያዙላት፣ አብረው ይሂዱ፣ ውጭ ተቀምጠው ይጠብቋት። ለእናቷም ሆነ ለጎረቤት ለመንገር ግን ፈቃዷን ይጠይቁ።

አንዳንድ ሌሊት «ተኝቼ ባልነቃሁ» እላለሁ። ይህ ራስን ማጥፋት ማሰብ ነው?

የዚያ ሐሳብ የመጀመሪያው ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ «መኪና በገጨኝ»፣ ከዚያ «ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚለው ሊመጣ ይችላል። ሐሳቡ መምጣቱ ኃጢአትም እብደትም አይደለም፤ ሕመሙ እንደጠና የሚያሳይ ምልክት ነው። መንገዱንና ቀኑን ማሰብ ከተጀመረ ግን ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። ውጫቸው የተቃና ሰዎች እዚህ ላይ የተለየ አደጋ አለባቸው፦ ማንም ስለማይጠረጥራቸው ማንም አይጠይቃቸውም። ሲከፋው የቆየ ሰው በድንገት ተረጋግቶ ንብረቱን ማከፋፈል፣ ዕዳውን መዝጋትና ሰውን መሰናበት ከጀመረ ቤተሰቡ ተሻለው ብሎ እንዳይዘናጋ። በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙውን ጊዜ እፎይ ያሰኘዋል። ከላይ ባነሣሁት መጠይቅ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለዚሁ ሐሳብ ነው። ስምንቱን ቶሎ ቶሎ የመለሰ አንድ ነጋዴ እዚያ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ጠበቅኩት። ሁለቱን መስታወት በተራ ጠርጎ ሲጨርስ «ይህን የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።

ሐሳቡ ዛሬ ከበረታብዎ ብቻዎን አይደሩ። ለሚያምኑት አንድ ሰው ይደውሉና መጥቶ አብሮዎት እንዲሆን ይጠይቁት፤ በቤት ያለውን መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካል ወስዶ ከእጅዎ እንዲያርቅልዎ ይንገሩት። ከዚያም አብራችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ሌሊትም ይሠራል፣ ቀጠሮ አይጠይቅም። በር ላይ ላገኙት ባለሙያ ታሪክዎን ከመጀመሪያው መተረክ አይጠበቅብዎትም፤ «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ» ማለት ይበቃል።